የባየች መሐላ

ጭሮ ላይ ጫት ሳይማልበት አይሸጥም፤ ይህን የማያውቅ የአገሩ ሰው አይደለም። ሙስሊሙ «ወላሂ» ይላል። ካቶሊኳ ባየች ደግሞ ያደረውን ቅጠል ከዙርባው፣ ከጫቱ እስር መሀል ሸጉጣ፣ ላዩን በዛሬው ትሸፍንና «ሳሚ ይሙት፣ ዛሬ ጠዋት የተቆረጠ ነው» ትላለች። ሳሚ አንድ ልጇ ነበር። በልጇ ከማለች እናት ጋር ማን ይከራከራል? እንደ መስዑድ ያሉ ደንበኞቿ አምነው ይገዟታል።

ሳሚ ወደ ቦርደዴ አይሱዙ ሲነዳ መኪናው ተገልብጦ ሞተ። ከዚያ ወዲህ ባየች ቁርባን አልተቀበለችም። እሑድ እሑድ ሰው ሁሉ ሲሰለፍ እሷ አግዳሚው ላይ ትቀራለች። አቤት እንዴት ናፈቃት! ግን ለመቁረብ መናዘዝ አለ፤ መናዘዝ ደግሞ ኃጢአትን በዓይነቱና በቁጥሩ ነው። አባ ህሩይ ልጇን አጥምቀው የቀበሩላት ሰው ናቸው። ለእሳቸው «የገደልኩት እኔ ነኝ» ብላ ትንገራቸው?

ሦስት ዓመት እንዲህ አለፈ። ኋላ አንድ ብልሃት መጣላት። ሂርና ባለችው ትንሽ ጸሎት ቤት ቅዳሜ ቅዳሜ ቄስ ይመጣል ሲባል ሰምታ፣ የማያውቀኝ ይስማኝ ብላ ሚኒባስ ተሳፈረች። ከመናዘዣው መጋረጃ ሥር ተንበርክካ «በድያለሁና ይባርኩኝ» ስትል፣ ከወዲያ የመጣው ሳል የአባ ህሩይ ሳል ነበር። ለካ ሂርናንም የሚያገለግሉት እሳቸው ኖረዋል! አይ ባየች፣ ይህን ሁሉ መንገድ መጥታ! ልትነሳ ቃጣት፤ ግን ከዚህ ወዲያ ወዴት ትሄዳለች? ስለዚህ ሁሉንም ዘረገፈችው፤ ቅጠሉን፣ መሐላውን፣ በቀን ስንቴ እንደምትምል፣ ስንት ዓመት እንደማለች።

አባ ህሩይ ሰምተው ሲያበቁ፣ «ልጅሽን የገደለው መኪና ነው። እግዚአብሔር በአንቺ ምላስ ሰው አይገድልም» አሏት። ውሸቱ ግን ውሸት መሆኑን፣ ያደረ ቅጠል መሸጎጡም መቅረት እንዳለበት ነገሯት። ቀጥለው፣ ልጁ ከሞተ በኋላስ መሐላውን ተውሽው ወይ ብለው ጠየቋት።

ባየችን ለቅሶ ቀደማት።

«አልተውኩም፣ አባ። ዛሬም ጠዋት ብያለሁ። ሌላ ስሙን የምጠራበት ቦታ የለኝም። ቤት ብጠራው አቤት የሚለኝ የለ።»

አባ ህሩይ ከኃጢአቷ ፈቷት፤ ንስሐዋንም ሰጧት። ጠዋት ጠዋት ከቤት ከመውጣቷ በፊት ስሙን እየጠራች አንድ አባታችን ሆይ ትድገምለት።

በማግስቱ እሑድ፣ ነጠላዋን አጣፍታ በሯ ላይ ቆመች። «ሳሚ» አለች። ምላሷ እንደ ልማዱ የቀረውን ሊያስከትል ተንደረደረ፤ ጥርሷን ነክሳ ያዘችው። ደግማ «ሳሚ» አለች። ከስንት ዓመት በኋላ የልጇ ስም፣ ይሙት ሳይከተለው፣ ብቻውን ከአፏ ወጣ። እዚያው ደጃፏ ላይ እንባዋን ጠርጋ አባታችን ሆይን ደገመችለት። ከዚያ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ፣ ከሰልፉ መጨረሻ ቆማ ቆረበች።