ስም የሌለበት ሪፖርት

ሆስፒታሉ “ኮምፒውተሮቻችንን እንደ ሌባ ሞክሪና ቀዳዳችንን አሳዪን” ብሎ የቀጠራት ባለሙያ ሪፖርቷን ይዛ መጣች። የጫማዋ ተረከዝ ተበልቷል። ከቦርሳዋ ሁለት የልጅ ምሳ ዕቃዎችን ገለል አድርጋ ወረቀቶቹን አወጣችና ከደህናው ነገር ጀመረች።

“የመድኃኒት ክፍሎቹን ላታልል ሞክሬ ሦስቴ አሳፍረው መልሰውኛል። ይመስገኑ።”

የኮምፒውተር ክፍሉ ኃላፊ ግን ልቡ ተንጠልጥሏል። ለሙከራው ከኮምፒውተር አቅራቢው ድርጅት ነኝ ብላ ስትደውል የይለፍ ቃሉን ፊደል በፊደል የነገራት እሱ ነው። ገጽ ዘጠኝን ገለጠ። “አንድ ሠራተኛ በስልክ ነግሮኛል” ይላል፤ ከሥሩ ቀዳዳው በምን እንደሚደፈንና ስንት ቀን እንደሚፈጅ ተጽፏል።

“ማነው ይሄ ሠራተኛ?” አሉ ዳይሬክተሩ።

“እዚያ ወንበር ላይ ማንም ቢቀመጥ ይነግረኝ ነበር። መልሶ ደውሎ ማጣራት የሚያስገድድ ደንብ የላችሁም፤ እሱን ጽፌዋለሁ።”

“እኔ የጠየቅኩት ስሙን ነው።”

“ስም አልጽፍም፣ ጌታዬ።”

ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ ዳይሬክተሩ ግን ጉሮሯቸውን ጠርገው ወደ ገጽ አሥር አለፉ።

ስብሰባው ሲበተን ኃላፊው ደረጃው ላይ ደረሰባት። ቦርሳዋን ተቀበላት።

“ስሜን ለምን አልጻፉትም?” አላት።

“አንድ ጊዜ፣ ሌላ መሥሪያ ቤት፣ የአንድ ሰው ስም ጽፌ ነበር” አለች ደረጃውን እያየች። “ከሥራ ተባረረ፤ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ልጆቹን ዛሬ የማሳድገው እኔ ነኝ።”

ቦርሳዋን ተቀብላው ወረደች፤ ምሳ ዕቃዎቹ ውስጡ እየተንኳኩ።