አንገቱን የሚደፋው ፎቶ አንሺ

ቡታጅራ መናኸሪያ አጠገብ የሚሠራው ፎቶ አንሺ ፀሐይ ቢበረታም ኮቱን አያወልቅም። ደረቱ ላይ ያንጠለጠለው በፊልም የሚሠራ ባለ ሁለት ዓይን ካሜራ ነው፤ ሰው ሲያነሳ አንገቱን ደፍቶ ከላይ ወደ ውስጥ ያያል። የባጃጅ ሾፌሮች፣ “ጋሼ፣ ለሙዚየም አይሰጡትም?” እያሉ ይቀልዱበታል። “አንተ ስልክህን በየዓመቱ ትቀይራለህ፤ እኔን አንዱ በቅቶኛል” ይላል ኮራ ብሎ።

ናጃህ ሽማግሌ አባቷን ይዛ የመጣችው የሟች እናቷ ፎቶዎች ከተሰረቀው ስልኳ ጋር ስለጠፉባት ነው። የአባቷንም መልክ እንዳታጣ ፈርታለች። ፊልሙ ላይ የቀረው ግን አንድ ፎቶ ብቻ ነው፤ ሌላ ፊልም መቼ እንደሚገኝ ፎቶ አንሺውም አያውቅም።

አባቷን አስቀመጠና አንገቱን ደፋ። እሳቸው ሰላም ያላቸው መስሏቸው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ከወንበሩ ብድግ ሲሉ ካሜራው ቀጭ አለ።

“ወይኔ፣ ተበላሸ” አለች ናጃህ።

“ሰው ሰላም ሲላቸው ሁልጊዜ እንዲህ ናቸው?”

“ለሕፃን እንኳ ብድግ ይላሉ።”

“እንግዲያው አልተበላሸም” አለ ፊልሙን ቀስ ብሎ እየጠቀለለ። “በስልክ ቢሆን ኖሮ ግን ታጠፊው ነበር።”