አባቴን ለማየት የጠየቅሁት ፈቃድ

ሜልበርን ስኖር ሰባተኛ ዓመቴ ነበር። በተማሪነት መጣሁ፤ ትምህርቱ ሲራዘም ቪዛውም ተራዘመ፤ ስጨርስ የተመራቂ ቪዛ ተሰጠኝ፤ እሱም ሊያልቅ ሲል ለቋሚ መኖሪያ አመለከትሁ። ማመልከቻው ውሳኔ እስኪያገኝ ድረስ የሚሰጠው ደግሞ ብሪጂንግ የሚባለው የመጠበቂያ ቪዛ ነው። እየሠራሽ፣ ግብር እየከፈልሽ መጠበቅ ትችያለሽ። ከአገር ከወጣሽ ግን መመለሻ የለሽም። መመለስ የምትፈልጊ ከሆነ ሳትወጪ በፊት ሌላ ፈቃድ ትጠይቂያለሽ፤ ለምን እንደምትሄጂም ታስረጃለሽ። ምክንያትሽ በቂ ነው አይደለም የሚሉት የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ሰዎች ናቸው።

ይህን ሁሉ አንብቤ አውቀው ነበር። ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ግን እህቴ ከደሴ የደወለች ቀን ነው።

የምሠራው አስኮት ቬል አጠገብ ባለ የአረጋውያን መጦሪያ ነው። ያን ቀን የከሰዓት ሺፍት ላይ ሆኜ አንድ እጃቸው የሚንቀጠቀጥ ሽማግሌ ሾርባ ሳጎርስ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነዘረኝ። በሥራ ሰዓት ማንሳት አይፈቀድም። ታናሽ እህቴ በዚያ ሰዓት ደውላ ስለማታውቅ ግን ሽማግሌውን ይቅርታ ጠይቄ ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ።

«አባዬ ወድቋል» አለችኝ። «ግራ ጎኑ አልታዘዝ ብሎታል። ስትሮክ ነው ብለውናል። መናገሩን ይናገራል፤ አንቺን እየጠራ ነው።»

ተመልሼ ገባሁና ሾርባውን አጎርሼ ጨረስሁ። የሰው አባት አፍ እየጠረግሁ፣ የራሴን አባት ለማየት ማንን ማስፈቀድ እንዳለብኝ አሰብሁ። ንዴቱ እዚያው ወንበር ላይ ጀመረኝ።

በማግስቱ ማመልከቻውን ኦንላይን ሞላሁ። የጉዞዬን ምክንያት የምጽፍበት አንድ ሳጥን ነበረው። «አባቴ በጠና ታሟል» ብዬ ጻፍሁ፤ እህቴ የላከችልኝን ማኅተም ያለበት የሆስፒታል ደብዳቤም አያያዝሁ። ከስድስት ቀን በኋላ መልስ መጣ። ደብዳቤው የእርስዎን መገኘት አስፈላጊነት አያሳይም ይላል። አባትዎን የሚንከባከብ ሌላ የቤተሰብ አባል ካለ ይግለጹ ይላል። ልጃቸው ለመሆንዎም ማስረጃ ያቅርቡ ይላል።

የልደት ምስክር ወረቀቴ ፋይላቸው ውስጥ ነው። ለተማሪ ቪዛውም ለቋሚ መኖሪያውም አስገብቼዋለሁ። እሱም ይቅር፤ እኛ በአባታችን ስም ነው የምንጠራው። በላኩልኝ ደብዳቤ ሁሉ አናት ላይ «ውድ ወይዘሪት» ብለው የአባቴን ስም ይጽፋሉ። ሰባት ዓመት ሙሉ በአባቴ ስም ሲጠሩኝ ኖረው፣ አባትሽ ለመሆኑ ማስረጃ አምጪ አሉኝ።

ወደ መሥሪያ ቤቱ ደወልሁ። ከአንድ ሰዓት በላይ ሙዚቃ ካሰሙኝ በኋላ አንዲት ሴት አነሳች።

«አባትዎን አሁን የሚንከባከባቸው ማን ነው?» አለችኝ።

«ታናሽ እህቴ።»

«እንግዲያው የሚንከባከባቸው ሰው አለ ማለት ነው።»

«እሷ ስላለች እኔ ልጁ መሆኔ ይቀራል?» አልኋት።

የኮምፒውተሯ ቁልፎች ሲንኳኩ ይሰማኛል። «ሐኪሙ ሕመሙ ለሞት የሚያሰጋ መሆኑን በግልጽ ቢጽፉልዎ ይጠቅምዎታል» አለች በመጨረሻ። ድምፅዋ ክፋት አልነበረበትም። ልትረዳኝ ፈልጋ ነው። ይበልጥ ያናደደኝም እሱ ነው፤ አባቴን ለማየት፣ አባቴ ሊሞት ነው የሚል ወረቀት እንድፈልግ በቅን ልብ መከረችኝ።

ለእህቴ ደውዬ ይህንኑ መንገር ነበረብኝ። «አፌ እንዴት ብሎ ይለዋል?» አለችኝ። ግን ሄደች። ሐኪሙ መጀመሪያ እንዲህ ያለ ደብዳቤ የሚጠይቅ መሥሪያ ቤት መኖሩን አላምን ብሎ ነበር፤ ኋላ አዝኖላት ጻፈላት። እሱንም ላክሁ። ሳምንት አለፈ፤ መልስ የለም።

ፍሌሚንግተን ካሉት የመንግሥት ፎቆች በአንዱ የሚኖሩ፣ ቤተ ክርስቲያን የተዋወቅኋቸው አንዲት እናት አሉ። ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። ከብዙ ዓመታት በፊት በሱዳን በኩል በስደት የመጡ ናቸው፤ ዜግነት ከያዙ ቆይተዋል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ፊቴን አይተው ምን እንደሆንሁ ጠየቁኝ፤ ነገርኋቸው።

«ታዲያ ቤትሽ ተቀምጠሽ ምን ትጠብቂያለሽ? ሄደሽ ፊት ለፊት ጠይቂያቸዋ» አሉኝ።

«ያለ ቀጠሮ አያስገቡም፣ እትዬ።»

«እኔ በረሃውን ያለ ቀጠሮ ነው የተሻገርሁት» አሉ። «ነገ እንሄዳለን።»

ሰኞ ጠዋት አብረን ትራም ይዘን ከተማ ገባን። የመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ያለው ጥበቃ ቀጠሮ አላችሁ ወይ ሲለን እትዬ እንግሊዝኛ እንደማያውቅ ሰው ፈገግ ብለውለት አለፉ። እኔም ተከተልኋቸው። መስኮቱ ላይ ያለችው ወጣት ስሜን ጽፋ አየችና «ማመልከቻዎ በሂደት ላይ ነው፤ ኦንላይን ይከታተሉ» አለችኝ።

«ምን አለች?» አሉኝ እትዬ። ተረጎምሁላቸው።

«አባትሽም በሂደት ላይ መሆኑን ንገሪያት» አሉ።

አልነገርኋትም፤ እንባዬ ቀደመኝ። እትዬ ግን ነጠላቸውን አስተካክለው ወንበር ላይ ቁጭ አሉና፣ ጥርት ባለ እንግሊዝኛ፣ አለቃዋ እስኪመጣ ድረስ እንደማይነሱ ነገሯት። ሁለት ሰዓት ተቀመጥን። በኋላ አንድ ሸበቶ ሰውዬ መጣ፤ ፓስፖርቴን ተቀብሎ፣ ስክሪኑን እያየ አራት ወይም አምስት ደቂቃ ያህል አነበበ። «ሁለተኛው ደብዳቤ ደርሶናል፤ ያየው ሰው አልነበረም» አለ። ይቅርታ አላለም። ከሰዓት በኋላ ፈቃዱ በኢሜይል መጣልኝ። ሁለት ወር ነበር የጠየቅሁት፤ ሃያ አንድ ቀን ሰጡኝ።

ሰውዬውን ከመስኮቱ ስነሳ አመስግኜዋለሁ። ደጋግሜ። ያ ምስጋና እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ደሴ ስደርስ አባቴ ትራስ ተደግፎ ተቀምጦ ነበር። ከስቷል፤ አፉ በግራ በኩል ትንሽ ተጣሟል፤ አእምሮው ግን ሙሉ ነው። አባቴ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የቀበሌ መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበር። በሦስተኛው ቀን ፈቃዱን እንዴት እንዳገኘሁ ሳወራለት፣ በደኅና እጁ ብርድ ልብሱን እየጎተተ እስከ መጨረሻው ሰማኝ።

«እኔም ነገ ተመለሱ እል ነበር» አለኝ። «ፋይሉ ጠረጴዛዬ ላይ እያለ።»

«ለምን?»

«እንጃ። ሰው ሲለምንሽ መጀመሪያ ያሳፍራል፤ ከዚያ ትለምጂዋለሽ።» መሸኛ ፈልጋ የመጣች አንዲት ሴት አራት ጊዜ እንዳመላለሰ ነገረኝ። «ለካ እናቷ ሞታባት ነበር። እኔ አልጠየቅኋትም፤ እሷም አልነገረችኝ።»

ሊያጽናናኝ ፈልጎ ይሁን ሊናዘዝ አላውቅም። እኔ ግን በእሱም ተናደድሁ። ግማሽ አካሉ አልታዘዝ ብሎት ተኝቶ እንኳ አልራራሁለትም። ወጥቼ ግቢው ውስጥ ቆምሁ። ንዴቴ ሲበርድልኝ ተመልሼ ገባሁና፣ ውኃ አሙቄ፣ ጺሙን ላጨሁት። ዓይኑን ጨፍኖ አገጩን ሰጠኝ።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ልመለስ ቦሌ ስደርስ የአየር መንገዱ ሠራተኛ ፓስፖርቴን ገጽ በገጽ አገላብጦ «ቪዛሽ የታለ?» አለኝ። የአውስትራሊያ ቪዛ ፓስፖርት ላይ አይለጠፍም። ስልኬ ላይ ያለውን ደብዳቤ አሳየሁት።

«ይሄ እኮ መጠበቂያ ነው የሚለው። በዚህ አትገቢም» አለኝ።

«ከታች አንብበው። መመለስ ትችላለች ይላል።»

ከሰልፉ አውጥቶ ዳር አቆመኝ። የውጭ ፓስፖርት የያዙት እያለፉ፣ እኔ ሻንጣዬን ይዤ በገዛ አገሬ እንደ ተጠርጣሪ ቆሜ ጠበቅሁ። ወዲያ ወዲህ ሲደዋወሉ ቆይተው ሰው ሁሉ ከገባ በኋላ አሳፈሩኝ።

ሜልበርን ስወርድ ደግሞ የድንበር ሠራተኛው «ምን ያህል ጊዜ ለመቆየት አስበሻል?» ሲል ጠየቀኝ።

«ሰባት ዓመት ቆይቻለሁ» አልሁት። «ከዚህ በኋላ ስንት እንደምቆይ የምታውቁት እናንተ ናችሁ።»

ቀና ብሎ አየኝ፤ ፓስፖርቴን መለሰልኝ።

ከሦስት ወር በኋላ አባቴን ሁለተኛ ስትሮክ መታው። ዳግመኛ አመለከትሁ። ያሁኑ መልስ ፈጣን ነበር፤ በሁለተኛው ቀን ሐሙስ ደረሰኝ። «ቀደም ሲል በዚሁ ምክንያት መጓዝዎን መዝገባችን ያሳያል። አዲስ ምክንያት ካለዎት ይግለጹ» ይላል። አንድ አባት ስንት ጊዜ መታመም እንደሚፈቀድለት የሚናገር አልነበረም።

ዓርብ እህቴ ደወለች። ስታለቅስ ብቻ ሰማኋት። ቅዳሜ ተቀበረ። እኔ እዚያው ድረ ገጻቸው ላይ ገብቼ፣ «አዲሱ ምክንያት አባቴ መሞቱ ነው» ብዬ ጻፍሁ። ማክሰኞ ፈቃዱ መጣ። ያኔ እትዬ ቤት ልቅሶ ተቀምጬ ነበር፤ ከከተማው ዳር ከሜልተን ድረስ ሰው መጥቶ ክፍሏ ሞልታለች። ኢሜይሉን ለእትዬ አነበብሁላቸው። «ዝጊው፣ ልጄ» አሉኝ። ዘጋሁት። በዚያ ፈቃድ አልሄድሁም፤ የቀረኝ መቃብር ነው፤ መቃብሩን ደግሞ እነሱ በቆረጡልኝ ቀን ማየት አልፈለግሁም።

ቋሚ መኖሪያው የተፈቀደልኝ ከአምስት ወር በኋላ ነው። ሥራ ቦታ እያለሁ መጣልኝ፤ ባልደረቦቼ አጨበጨቡልኝ። ከደብዳቤው ግርጌ ስለ አገልግሎታቸው አስተያየት የሚሰጥበት መጠይቅ ነበር። ቤቴ ሄጄ ቁጭ ብዬ ከእህቴ ስልክ ጀምሬ ሁሉንም ጻፍሁ። ላክ የሚለውን ስጫን፣ ከተፈቀደው የፊደል ብዛት አልፈሻልና አሳጥሪው አለኝ።

አላሳጠርሁትም። አትሜ፣ ፈርሜ፣ በአደራ ደብዳቤ ላክሁላቸው፤ መድረሱን የሚያሳየው ደረሰኝም እጄ ላይ ነው። መልስ አልጻፉልኝም።