በሁለት ክፍል የታየው አንድ መዝገብ

ዓኽርያ ሰፈር፣ ኪዳነ ሱቅ ሥራ የገባሁ ዕለት አንዲት ብሎን እንኳ አልፈታሁም። ኪዳነ ሬዲዮ ሲጠግን የኖረ፣ ከነጻነት በኋላ ወደ ኮምፒዩተር የዞረ ሰው ነው። ቀኑን ሙሉ ያስተማረኝ የደንበኛን ጽሑፍ ወደ ዲስኬት መገልበጥ ብቻ ነበር።

«ስማ ሰዒድ፣ መጀመሪያ ግልባጭ፣ ከዚያ ገመድ» አለኝ።

እኔ ኮምቦልቻ ሬዲዮ ስጠግን የኖርኩ ሰው፣ ይሄማ የጸሐፊ ሥራ ነው ብዬ ናቅኩት።

ከረዳትነት ያደግኩት የቤት ኮምፒዩተሮችን እርስ በርስ ማገናኘት ስንጀምር ነው። በየኮምፒዩተሩ የኔትወርክ ካርድ ትሰካለህ። ጥቁሩን ገመድ ከክፍል ክፍል ትስባለህ፣ በሁለቱም ጫፍ መዝጊያ ቆብ ታደርጋለህ። አንዱ ቆብ ከጎደለ መስመሩ አይሠራም። ቤቱ የጣሊያን ዘመን ቪላ ከሆነ ግድግዳ መብሳት ብቻውን ግማሽ ቀን ይፈጃል።

መምህር ተኽለ ፓራዲዞ ሰፈር የሚኖሩ ጡረተኛ አስተማሪ ነበሩ። ስኳር በሽታ ዐይናቸውን ወስዶታል። የትውልድ መንደራቸው እያንዳንዱ እርሻ፣ ምንጭና ቋጥኝ ስሙን ከየት እንዳገኘ ከሽማግሌዎች የሰሙትን፣ ለልጃቸው ለሩታ ሁለት ዓመት በቃል አስጽፈዋል። ሽማግሌዎቹ ሁሉም አልፈዋል። ጽሑፉ ያለው መምህሩ ክፍል ባለው ኮምፒዩተር ነው። ሩታ ሌላ ገዝታ ሳሎን ሆና ልታርመው ፈለገችና እንዳገናኝ ተላክሁ።

ዲስኬት ሱቅ ረስቼ መምጣቴን ያወቅሁት እዚያ ደርሼ ነው። አውቶቡስ ጠብቆ ዓኽርያ ደርሶ መመለሱ ታከተኝ። ሌላ ቀን እገለብጠዋለሁ ብዬ ገመዱን መዘርጋት ጀመርኩ።

«መምህር፣ ሩታ እንድታነብ ብቻ ላድርገው ወይስ እንድትነካውም?» አልኳቸው።

«ኣይፋል ወደይ! የለም ልጄ፣ በአባትና በልጅ መሐል ምን ቁልፍ አለ? እኛ ቤት የጓዳው በር እንኳ አይዘጋም።»

ሙሉ ፈቃድ ሰጠኋት። ሩታ ፈራ ተባ እያለች «በስሕተት ባጠፋውስ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«አይዞሽ፣ የጠፋ ሁሉ ኮምፒዩተሩ ላይ ያለው ቅርጫት ውስጥ ይገባል። ከዚያ ታወጪዋለሽ» አልኳት፤ ያውም ደረቴን ነፍቼ። በገመድ በኩል ከሌላ ኮምፒዩተር የጠፋ ነገር ቅርጫት እንደማይገባ አላውቅም ነበር።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሱቅ ደወለች። «ሰዒድ፣ ቅርጫቱ ባዶ ነው» አለችኝ።

ስደርስ ፊቷ አመድ መስሏል። «አባቴ ጋ አንድ፣ እኔ ጋ አንድ ያለ መስሎኝ ነው። ቦታ እንዳይዝ የኔን አጠፋሁት» አለች። ጽሑፉ ግን አንድ ብቻ ነበር፤ የአባቷን ከሳሎን ሆና ስታይ ኖራለች እንጂ። ያንን ልነግራት የሚገባኝ እኔ ነበርኩ። ይባስ ብሎ፣ ቦታ ስታስለቅቅ የራሷን ሰነዶች ወደ አባቷ ኮምፒዩተር አዛውራ በጠፋው ላይ ጽፋበታለች።

የጠፋ የሚመልሰውን ፕሮግራም ይዤ እስከ ማታ ታገልኩ። ግማሽ ገጽ አገኘሁ፤ የቀረው ትርጉም የሌለው ምልክት ነው።

«አገኘኸው?» አሉ መምህሩ ከወንበራቸው።

«ጥቂት፣ መምህር።»

«እስቲ አንብብልኝ።»

የሦስት እርሻ ስም አነበብኩ። «እወ፣ እወ» እያሉ ሰሙኝ። «ከእሱ ቀጥሎ ያለው ደግሞ...» ብለው ጀመሩ፤ ስሙ አልመጣላቸውም። «ተጽፏል ብዬ ከልቤ አወረድኩት» አሉ። ሩታ አፏን በነጠላዋ ይዛ ወጣች።

ዕቃዬን ስሰበስብ፣ «የቐንየለይ ወደይ፣ ተባረክ ልጄ፣ ደክመሃል። ሻሂ ሳትጠጣ አትሂድ» አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ለኪዳነ ነገርኩት። አልተቆጣኝም። ከመሳቢያው ባዶ ዲስኬት አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረና ወደ ሥራው ተመለሰ።

ከዚያ ወዲህ ሳልገለብጥ የነካሁት ኮምፒዩተር የለም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። መምህር ተኽለ ሌላ ሳያስጽፉ አረፉ።

ይህን ሥራ ለምትጀምሩት የምለው አጭር ነው። በሁለት ክፍል የሚታይ መዝገብ አንድ መዝገብ ነው፤ ለባለቤቱ ንገሩት። ገመድ ከመዘርጋታችሁ በፊት ገልብጡ። ዲስኬት ከረሳችሁ ተመለሱና አምጡ።