ለዳንግላ ጋሪ አንድ ሰው ጎደለ

ዳንግላ ላይ የዘፈን ቴአትር መምጣቱን የሰማሁት ከአረቄ ሻጯ ጎረቤታችን ነው። ተዋንያኑ ከአዲስ አበባ በጭነት መኪና መጥተው ድንኳን ተክለዋል፣ የሚነጋገሩት በዘፈን ነው፣ ይጣላሉም ይታረቃሉም በዘፈን አለች። እኔ ነገሩን በስም አውቀው ነበር። አራተኛ ክፍል ሳለሁ፣ ትምህርቴን ከማቋረጤ በፊት፣ መምህራችን በውጭ አገር እንዲህ ያለው ጨዋታ ኦፔራ እንደሚባል ነግሮን፣ የማባዣ ሰንጠረዡን እየዘፈነ ቢያሳየን ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ አልሳቅሁም። ሰው መናገር የሚፈራውን በዘፈን ማለት ከቻለ፣ እኔም አንድ ቀን አንድ ነገር እላለሁ ብዬ አሰብሁ።

መሄዱ ግን ያስፈራ ነበር። ታጭቻለሁ። ሽማግሌዎቹ የአባቴን ቃል ተቀብለው ሄደዋል፤ ሠርጉም ለጥር ተቆርጧል። ባለፈው ዓመት ከታች ሰፈር አንዲት ልጅ አዝማሪ ቤት በር ላይ ቆማ ታየች ተብሎ የእጮኛዋ ወገኖች ቃላቸውን አፈረሱ። አባቷ ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ሲመጣ ከሰው ተለይቶ ዛፍ ሥር ብቻውን ነው የሚቆመው። አባቴን እዚያ ዛፍ ሥር ቆሞ ባሰብሁት ቁጥር መሄዱ ይቅርብኝ እላለሁ።

ጋሪ ደግሞ ለአንድ ሰው አይነሳም። መንደራችን የመኪናው መንገድ ዳር ነው፤ ዳንግላ በጋሪ ሁለት ሰዓት አይሞላም። ባለጋሪው ግን ሦስት ተሳፋሪ ካላገኘ ፈረሱን አይነካም፤ ወይም የጎደለውን ቦታ የተሳፈሩት ይከፍላሉ። እኔ እንቁላል ሸጬ ያስቀመጥሁት ለአንድ ቦታ ብቻ የሚበቃ ነበር። ስለዚህ ሰው መፈለግ ነበረብኝ። ሰው መፈለግ ማለት ደግሞ መናገር ነው።

አረቄ ሻጯን ምንጩ ዳር ሁለት ቀን ጠበቅኋት። ሁለቱንም ቀን እንስራዬን ሞልቼ ዝም ብዬ ተመለስሁ። ሐሙስ ዕለት እሷው ቀደመችኝ።

«አንቺ፣ ምን ሆነሽ ነው እንደ እንቦሳ የምትከተይኝ?»

«ዳንግላ... እሑድ... ጋሪው ለሦስት...» አልሁ፣ ዓይኔን ከእንስራው አፍ ሳላነሳ።

«ውይ! አፍ አላት ለካ!» ብላ እስኪበቃት ሳቀች። «እኔ አለሁ። ሦስተኛ ሰው መንገድ ላይ አይጠፋም። ለእናትሽ ምን ልትያት ነው?»

«አክስቴን ልጠይቅ ነው።»

አክስቴ በዚያው ሳምንት ዳንግላ ወልዳ ስለነበር ውሸቴ ግማሹ እውነት ነው። ቢሆንም እናቴ ለአራሷ ብላ ቅቤ በቅል አድርጋ ስትሰጠኝ ቀና ብዬ አላየኋትም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መንገድ ዳር ቆምን። ሦስተኛ ሰው ጠፋ። ባለጋሪው ተሰላችቶ ፈረሱን ሊፈታ ሲነሳ፣ ከአዲስ ቅዳም በኩል አንዲት ሸምገል ያሉ ሴት ጫማቸውን በእጃቸው አንጠልጥለው እየሮጡ መጡ።

«ወደ ዳንግላ ናችሁ? ሰው ጎድሏችኋል?»

«እግዜር ነው የላከዎት፣ እማማ!» አለች አረቄ ሻጯ።

ባለጋሪው ቀጭኗ መሃል ካልገባች ጋሪው ያዘነብላል አለና እኔን መሃል አስቀመጠኝ። ሴትዮዋ በአገራችን ቋንቋ፣ በአዊኛ፣ ስለ መንገዱ ጠየቁት። እንዳልገባው ባዩ ጊዜ ፊታቸው በራ፤ ወደ እኛ ዞረው በዚያው በአዊኛ ቀጠሉ።

«ቴአትሩን ልታዩ ነው፣ አይደል? እኔም ነኝ። አደራችሁን ግን፣ ነገሩ ከዚህ ጋሪ እንዳይወርድ። ባሌ ቄስ ናቸው። ለልጄ ሠርግ ሸማኔ ላነጋግር ብዬ ነው የወጣሁት።»

«ሠርጉ መቼ ነው?» አለች አረቄ ሻጯ።

«ለጥር ነው። ልጅቱ እኮ ከእናንተው መንደር ናት። አባቷ ደጃፍ ላይ ሁለት ዋንዛ አለ ይሉኛል።»

ሁለቱ ዋንዛዎች የአባቴ ናቸው።

በእኛ ወግ የታጨች ልጅ ለአማቶቿ ፊቷን አታሳይም። ሽማግሌ ሲመጣ ጓዳ ተደብቄ የሰማሁት የወንዶች ሳል ብቻ ነበር። አሁን ከአማቴ ጋር ትከሻ ለትከሻ ተቀምጫለሁ፣ ያውም ዘፈን ልሰማ ስሄድ። ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ሳብሁት። ልውረድ ብል፣ ለምን እወርዳለሁ ልበል?

«ታውቋታላችሁ?» አሉ።

አረቄ ሻጯ በክርኗ ጎኔን ወጋችኝ። «እንዴት አናውቃት! ዝምተኛ ናት። እንዲያውም አፍ እንዳላት የታወቀው ሐሙስ ዕለት ነው።»

«ዝምታስ ደግ ነው። ቤት የማትቀመጥ ዘዋሪ እንዳትሆን ብቻ። ባሌ ዘዋሪ ምራት ቤቴ አትገባም ብለዋል።» ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺስ ልጄ፣ አንቺም ለቴአትሩ ነሽ?»

«አክስቴን... ወልዳ ነው።»

«እንኳን ማርያም ማረቻት። ፊትሽን ምነው ተሸፈንሽ?»

«አቧራው ነው።»

«እውነትሽን ነው፤ የዚህ መንገድ አቧራ ክፉ ነው» ብለው እሳቸውም አፍንጫቸውን ሸፈኑ።

ድልድዩ ጋ ስንደርስ ፈረሱ ደንብሮ ወደ ኋላ አለ። ጋሪው ሲያዘነብል ሴትዮዋ «እመቤቴ!» ብለው እጄን ያዙ። ተሻግረንም አልለቀቁኝም። አውራ ጣታቸው በልጅነቴ የፈላ ውሃ ያቃጠለኝ ጠባሳ ላይ ነበር።

«ምን አገኘሽ ልጄ?»

«ውሃ ነው። ድሮ።»

«ወይኔ» አሉና ጠባሳውን ዳበሱት። ደግነታቸው ከቁጣ የባሰ አስፈራኝ።

ድንኳኑ ውስጥም አጠገቤ ተቀመጡ። መድረኩን ያየሁት በነጠላዬ ሽመና መሃል ነው፤ ሁሉ ነገር ጭጋግ ውስጥ ያለ ይመስል ነበር። አንዲት ልጅ አባቷን በዘፈን ትለምናለች፤ አባትየው በዘፈን ይከለክላታል፤ እሷ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ እንደገና ትለምናለች። ያን ሁሉ ዓመት ልሰማው የተመኘሁት ይህ ነበር። እኔ ግን የማዳምጠው የአማቴን ትንፋሽ ነው። ሲያጨበጭቡ እደነግጣለሁ፤ በነጠላቸው ጫፍ እንባቸውን ሲጠርጉም እደነግጣለሁ። ዞር ብለው ቢያዩኝስ? ከመንደራችን የሚያውቀኝ ሰው መጥቶ በስሜ ቢጠራኝስ? የልጅቱ ልመና መጨረሻው ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ስንመለስ መንገዱ ላይ ተለያየን። «አደራ» አሉን እንደገና። አረቄ ሻጯ እስኪርቁ ጠብቃ መሬት ላይ ተቀምጣ ሳቀች። እኔ አለቀስሁ።

ጥር ደረሰ። በሠርጉ ማግስት ዓይነ ርግቤ ሲገለጥ አማቴ ሊስሙኝ ቀረቡ። ፊቴን ብዙም አላዩትም። እጄን ያዙ፤ አውራ ጣታቸው ወደ ጠባሳው ሄደና እዚያው ቆመ። የአባቴ ዘመዶች በአንድ ወገን፣ ቄሱ አማቴ በሌላው ወገን ተቀምጠው ነበር። አሁን ይናገራሉ ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን ሁለቱንም ጉንጮቼን ሳሙኝና «ልጄ ነሽ» ብለው ወደ እንግዶቻቸው ተመለሱ።

ከዚያ በኋላ ስለ ዳንግላው እሑድ አንድ ቃል አልወጣቸውም። አንድ ግቢ እየኖርን ክረምቱ አለፈ። እህል ስንፈጭም ገብስ ስንለቅምም በድንገት ዝም ሲሉ ዛሬ ሊናገሩ ነው እላለሁ። ቄሱ ሲስሉ ነግረዋቸዋል እላለሁ። የምፈራው እሳቸውን ይሁን ዝምታቸውን እንጃ። አንድ ጊዜ ቢቆጡኝና ባበቃ ብዬ ተመኝቼ ነበር።

በተከታዩ ዓመት አንድ እሑድ፣ ቄሱ ወደ ሌላ ደብር ሄደው፣ ባሌም ተከትሏቸው፣ እኔ ደጅ ላይ ገብስ እለቅም ነበር። አማቴ መጥተው ፊቴ ቆሙ። ጫማቸውን በእጃቸው ይዘዋል።

«የዳንግላዋ አክስትሽ ደህና ናት?»

ሰፌዱ ከጭኔ ተንሸራቶ ገብሱ መሬት ላይ ፈሰሰ።

«ደ... ደህና ናት።»

«ሳይጠይቋት ደህና ናት ይባላል እንዴ? ተነሺ። ድንኳኑ ዳንግላ እንደገና ተተክሏል፤ ያች የመንደርሽ አረቄ ሻጭም ጋሪ ይዛ መንገድ ዳር ቆማለች፤ አንድ ሰው ጎድሎናል።»

የፈሰሰውን ገብስ በእጄ መሰብሰብ ጀመርሁ። እሳቸው ነጠላዬን ከተሰቀለበት አወረዱና ትከሻዬ ላይ ጣሉልኝ።

«ፊትሽን ሸፈን አድርጊ» አሉ። «አቧራ አለ።»