የእንሽላሊቷና የማስረሻ እግር

ባለፈው ወር ፍኖተ ሰላም ልጄ ቤት ሰንብቼ ነበር። የልጄ ልጅ ቤዛ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ድመት አልወድም፣ ውሻ እፈራለሁ ብላ የግድግዳ እንሽላሊት ታሳድጋለች። በስልክ አይታ ነው አሉኝ፤ ሌላ አገር ሰዎች እንሽላሊት በመስታወት ቤት ያኖራሉ። እሷ የመስታወት ቤት ከየት ታምጣ፣ ክዳኑን በሚስማር በበሳችው የፕላስቲክ ባልዲ ውስጥ አድርጋ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጣታለች። ከጣት የማትበልጥ ግልገል ናት።

«እማማ፣ እስቲ ይዩልኝ። ሽቅብ መውጣት እምቢ አለች፤ ሰነፈች መሰለኝ» አለችኝ።

መነጽሬን አድርጌ አጎነበስሁ። ባላየሁ ይሻለኝ ነበር። የፊት እግሮቿ ወደ ውጭ ጎብጠዋል። ሆዷን እየጎተተች ትሄዳለች፣ ስትቆም ደግሞ ጣቶቿ ይንቀጠቀጣሉ።

«አልሰነፈችም፤ አጥንቷ አልጠና ብሎ ነው» አልኋት። «ጠዋት ጠዋት ፀሐይ አሙቂያት፤ እንዳታቃጥያት ብቻ፣ ግማሹን ጥላ አድርጊላት። የእንቁላል ቅርፊት አድቅቀሽ ፍጪና የምትሰጫት ዝንብ ላይ ነስንሺበት።»

«እረግ፣ እርስዎ ይህን የት ተማሩት?»

እኔ ፊደል ሳስቆጥር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ እንጂ የእንሽላሊት ሐኪም አይደለሁም። ሳቅ ብዬ ወሬ ለወጥሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን እህል አልጥመኝ ብሏል።

ያደግሁት ቡሬ ነው። አሥራ አራት ዓመት በሆነኝ ዓመት፣ በመጋቢት፣ አባቴ ክረምቱ ሳይመጣ የተሰነጠቀውን የጓዳ ግድግዳ ሊመርግ አሮጌውን ጭቃ ሲያራግፍ፣ አተር የምታህል ነጭ እንቁላል እግሬ ሥር ወደቀች። በክብሪት ቀፎ ጥጥ አንጥፌ አስቀመጥኋት። ለምን እንደሆነ ዛሬም እንጃ። ያን ጊዜ ያገኘሁትን ሁሉ የምሰበስብ ልጅ ነበርሁ፤ እናቴ ኪሴን በገለበጠች ቁጥር «አንቺስ ቆሻሻ ልትነግጅ ነው» ትለኝ ነበር። ረስቻት ሰንብቼ አንድ ቀን ቀፎውን ብከፍተው ዓይኗ ከራሷ የሚበልጥ ፍጥረት ሽቅብ ታየኛለች። የጫማ ካርቶን ፈልጌ አልጋዬ ሥር ሸሸግኋት። መሸሸግ ነበረብኝ፤ እናቴ እንሽላሊት የሕፃን ልጅ ጠላት ናት፣ ጥላዋ ያርፍበታል ባይ ነበረች። ቤታችን ውስጥ ደግሞ ሕፃን ነበረ።

ሕፃኑ ወንድሜ ማስረሻ ነው። ከእኔ በኋላ እናቴ ሁለት ወልዳ ሁለቱንም ቀብራለች፤ ሦስተኛው ሲመጣ ስሙን ማስረሻ አለችና ጓዳ አስገባችው። አርባ ቀን ወጣ፣ ክርስትና ተነሣ፣ ዓመት ሞላው፣ ማስረሻ ግን ከክርስትናው ቀን በቀር ከጓዳ አልወጣም። ዓይን እንዳይበላው፣ ምች እንዳይመታው። እንግዳ ሲመጣ መጋረጃ ይወርዳል። «ሕፃኑ ደኅና?» ሲሏት «ደኅና ነው፣ ተኝቷል» ትላለች። ክብደቱን፣ ጥርሱን፣ እግሩን ማንሳት ክልክል ነበር፤ ስለ ልጅ አካል የሚናገር አፍ ያሟርታል። እሷን አልወቅሳትም። ሁለት ጊዜ ከቀብር የተመለሰች ሴት ሦስተኛውን ብትደብቅ ምን ይገርማል? እኔ እንኳ ዛሬ የልጅ ልጆቼ መንገድ ሲሻገሩ ልቤ ይቆማል።

ነሐሴ ላይ የእኔይቱ እንሽላሊት እግሯ ጎበጠ። መጀመሪያ የካርቶኑን ግድግዳ ስትወጣ መንገድ ላይ እየወደቀች አስቸገረች። ቀጥሎ ሆዷን መጎተት ጀመረች። ዝንብ ስትይዝ አገጯ እንደ ላስቲክ ይተጣጠፋል፤ ማኘክ አቃታት። ያ ነሐሴ ዝናቡ ያለ ዕረፍት የሚወርድበት፣ መንገዱ ጭቃ፣ ቤቱ ሁሉ የተቀቀለ ድንችና የእርጥብ እንጨት ጭስ የሚሸትበት ነበር። ጎረቤታችን በሬ ታሞበት የከብት ሐኪሙ አቶ ውበቱ መጡ። ሥራቸውን ጨርሰው እጃቸውን ሲታጠቡ ጠብቄ ካርቶኔን ከነጠላዬ ሥር አወጣሁ።

«አንቺ ልጅ፣ እኔን የሚያውቀኝ በሬ ነው» አሉ እየሳቁ። ቢሆንም ተቀበሉኝ። አገጯን በትንሽ ጣታቸው ዳበሱ፣ እግሯን አዩ፣ ሳቃቸውም ቀረ። «የት ነው የምታኖሪያት?»

«አልጋ ሥር።»

«እንዲያ ነው። ጫጩትም በጨለማ ቤት ዘግተሽ ብታሳድጊያት እግሯ እንዲህ ይሆናል፤ ጥጃም ያው ነው። ፀሐይ ያላየ አጥንት አይጠናም። ፀሐይ አሳያት፣ የእንቁላል ቅርፊት ፈጭተሽ አብያት። እስካሁን የጎበጠው አይቃናም፤ ከእንግዲህ ግን አይብስባትም። ለጋ ሳለች ከደረሽላት ነው ታዲያ።»

እንዳሉኝ አደረግሁ። መስከረም ጠብቶ ሰማዩ ሲገለጥ ጠዋት ጠዋት ከቤታችን ጀርባ ይዣት እቀመጥ ነበር። እግሯ እንደጎበጠ ቀረ፣ ግን ጸናች። በጥቅምት መጨረሻ ካርቶኑን ወጥታ አፋፉ ላይ ቁጭ ብላ አገኘኋት። የዚያን ቀን ደስታዬን ለማንም መናገር አለመቻሌ እንዴት እንዳንገበገበኝ!

ኅዳር ላይ እናቴ ሽንዲ ለቅሶ ሄደችና ማስረሻን እንዳጥበው ለእኔ ተተወልኝ። ዓመት ከመንፈቁ ነው፣ ከዚያ በፊት ልብሱን ያወለቅሁበት ቀን ትዝ አይለኝም። ውኃ አሙቄ፣ ሳፋው ውስጥ አቁሜ በብብቱ ደገፍሁት። እግሮቹ ከጉልበቱ በታች ወደ ውጭ ጎብጠው ነበር። የእጁ አንጓ አብጧል። መቆም ፈልጎ ሲንጠራራ ጉልበቱ ተንቀጠቀጠና ተቀመጠ፤ ቀና ብሎ አየኝና ሳቀ። እኔ እንሽላሊቷን ነበር ያየሁት። አንዱም ነገር አልተለየም።

ያን ጊዜ ሁለት ሐሳብ ተከታትሎ መጣብኝ። የመጀመሪያው ትክክለኛው ነበር፤ ፀሐይ ነው ያጣው። ሁለተኛው ወዲያው ተከተለና ዋጠው፤ የእንሽላሊቷ ጥላ አርፎበት ነው፣ እኔ ነኝ ያመጣሁበት። ስትድን ደዌዋ ወደ እሱ ተሻገረ አልሁ። ስምንተኛ ክፍል ደርሼ፣ የአቶ ውበቱን ቃል በጆሮዬ ሰምቼ፣ እንዲህ አሰብሁ።

እናቴ በማግስቱ ተመለሰች። በግቢያችን የዓመቱ በርበሬ ሰሌን ላይ ተሰጥቶ ቀልቶ ነበር፤ እሷ ቁጭ ብላ ታገላብጣለች፣ እኔ የበሰበሰውን እለቅማለሁ። የኅዳር ፀሐይ ደስ ይላል፣ አያቃጥል። ከበርበሬው እስከ ጎታው ድረስ ቤት ያፈራው ሁሉ ውጭ ወጥቶ ይሞቃል።

«እማዬ፣ ማስረሻንም እዚህ አምጥተን ፀሐይ ብናሞቀውስ? እግሩ ይጠናለት ነበር» አልሁ።

እጇ በርበሬው ላይ ቆመ። አልጮኸችም። «ማን ነው እንዲህ ያለሽ?»

ይህን ጥያቄ ስንት ዓመት ስመልሰው ኖሬያለሁ። አቶ ውበቱ ናቸው ማለት ነበር። እናቴ የከብት ሐኪሙን ታከብራቸው ነበር፤ ላማችንን አትርፈውልን ያውቃሉ። ግን ስለምን ነገሩሽ ብትለኝስ? ካርቶኑ ሊወጣ ነው። ልጄን የበላሽው አንቺ ነሽ ልትለኝ ነው።

«ማንም» አልሁ።

«ማንም ካላለሽ ስለ ልጄ እግር ደግመሽ እንዳታነሺ።»

አላነሳሁም። እንሽላሊቷን የዚያኑ ዕለት ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ካብ ውስጥ ለቀቅኋት። የማስረሻ በሽታ አብሯት ይሄድለት ይመስል በየቀኑ እግሩን በዓይኔ እለካ ነበር። ኅዳር አለፈ፣ ታኅሣሥ፣ ጥር፣ ያ ሁሉ ፀሐይ በግቢያችን ፈሶ አለቀ። ግንቦት ላይ ሁለት ዓመት ሞልቶት አልሄድ ሲል አባቴ እምቢኝ ብሎ በጀርባው አዝሎት ፍኖተ ሰላም ሐኪም ዘንድ ወሰደው፤ እኔም ስንቅ ይዤ ተከተልሁ። ሐኪሙ የዓሣ ዘይት ሰጡት፣ ከዛሬ ጀምሮ ፀሐይ ላይ ይዋል አሉ። ከዚያ ለአባቴ እንዲህ አሉት፤ «ይሄዳል፣ አይዞህ። ስድስት ወር ቀደም ብላችሁ ብታመጡት ግን እግሩም ይቃና ነበር።»

ስድስት ወር። በጣቴ ቆጠርሁ። የበርበሬው ቀን ላይ አረፈ።

ማስረሻ ሄደ፣ አደገ፣ ዛሬ ፍኖተ ሰላም ውስጥ የታወቀ ልብስ ሰፊ ነው። ሱሪ ሲሰፋ ወደር የለውም፤ የራሱን ብቻ ሰፋ አድርጎ ይቆርጠዋል። ወጣት ሳለ ያጫት ልጅ ቤተሰቦች «እግሩ» ብለው መልሰውበታል። እሱ ሲያወራው ያስቃል፣ ይቀልድበታል፤ እኔ አብሬው ስቄ አላውቅም።

የቤዛን ባልዲ ባየሁ ማግስት ተነሥቼ ወደ ሱቁ ሄድሁ። በረንዳው ላይ የስፌት መኪናውን እየረገጠ ነበር። ከጎኑ ተቀመጥሁና «ማስረሻ፣ ስለ እግርህ የምነግርህ አለኝ» አልሁት። «ልጅ ሳለሁ አልጋዬ ሥር አንዲት እንሽላሊት…»

እግሩን ከመርገጫው አነሣ። «እታለም፣ እሱን ተይው። አውቀዋለሁ።»

«ምኑን?»

«እናታችን ልትሞት ሰሞን ነግራኛለች። ካርቶኑን አግኝታው ነበር፤ ቀድሞ ነገር የእንሽላሊቷ ጥላ ነው ያረፈብህ አለችኝ። እኅትህ ልጅ ነበረች፣ እንዳትነግራት ብላ አስማለችኝ። ሐኪሞቹ ሌላ ይላሉ፤ እንጃ። ቢሆንም ባይሆንም እኔ ይቅር ካልሁሽ ሃያ ዓመት አልፎኛል።» ክንዴን ያዝ አድርጎ ሳቀ። «ይህን ተሸክመሽ ነው እንዴ የኖርሽው?»

ይቅር የተባልሁት ባላደረግሁት ነገር ነበር። ያደረግሁትን ለመናገር አፌን ከፈትሁ፤ ፊቱን አየሁት፣ ፍክት ብሏል። «እግዜር ይስጥህ» ብዬ ተነሣሁ። በዚህ ዕድሜዬም «ማንም» አልሁ ማለት ነው።

በቃሌ የምችለው አይመስለኝምና ጻፍሁት። ማስረሻ ያገኘውን ወረቀት ሁሉ ያነባል፤ ጨርቅ የተጠቀለለበትን ጋዜጣ እንኳ ሳያነብ አይጥልም። ይህም እጁ ይገባል። ወንድሜ፣ እንሽላሊቷ አይደለችም። ፀሐይ እንደሆነ አውቅ ነበር።