የአባቴ የከሰዓት ቤት

በየመሥሪያ ቤቱ በር ላይ የሚሰቀለውን የራዕይ ሰሌዳ እየጻፍኩ ነው የኖርኩት። ጭሮ ከተማ ውስጥ እጽፋለሁ፤ ሲጠሩኝ በሚኒባስ ገለምሶና በደሳ፣ አንዳንዴም ቦኬ ድረስ እሄዳለሁ። ላሜራው መጀመሪያ ነጭ የዘይት ቀለም ይቀባል። ሲደርቅ ሰማያዊ ዱቄት የነካ ክር ከጫፍ ጫፍ ወጥሬ ስለቀው ቀጥ ያለ መስመር ይጥልልኛል። ከላይ በአፋን ኦሮሞ፣ ከታች በአማርኛ ይጻፋል፤ ራዕይ፣ ተልዕኮ፣ እሴቶች። ፊደል መጣል ማንም አላስተማረኝም። የሱቆችን ሰሌዳ ቆሜ እያየሁ፣ የትኛው ፊደል እግሩን የት እንደሚያሳርፍ በካርቶን ላይ እየገለበጥኩ ለመድኩት።

ራዕይ ሁሉ ዓመት አለው። «እስከዚህ ዓመት ድረስ ተምሳሌት ሆኖ ማየት» ይላል። ዓመቱ ሲደርስ እኔ እጠራለሁ። በደሳ ላይ አንዲት የንብረት ክፍል ሠራተኛ መሰላሉን ይዛልኝ፣ «ዓመቱን ብቻ ቀይርልን» አለችኝ።

«ሌላው ጽሑፍስ? ቀለሙ ለቋል እኮ።»

«ሌላውማ ገና አልደረሰ፣ ምን ይሆናል!» ብላ ሳቀች። «ዓመቱን ግን ትንሽ አርቀው፤ ቶሎ ቶሎ መሰላል ስንይዝ አንኑር።»

ዓመት መቀየር ቀላል ይመስላል። አሮጌውን ቁጥር በምላጭ ፍቄ፣ ቦታውን ነጭ ቀብቼ፣ አዲሱን እጽፋለሁ። ችግሩ አዲሱ ነጭ ከአሮጌው አለመግጠሙ ነው። ሰሌዳውን ፀሐይ አጠውልጎታል፤ ዓመቱ ያለበት ቦታ ግን ያበራል። ቡናማ ጠብታ እየጨመርኩ ለማመሳሰል ሞክሬያለሁ፣ አልሆነልኝም። ከሩቅ ለሚያየው ሰው ከጽሑፉ ሁሉ ቀድሞ ዓይን የሚገባው ያ ጥገና ነው።

ያን ዕለት መሰላሉ ላይ እንደቆምኩ አባቴን አሰብኩ።

አባቴ ጫት አሳሪ ነበር። ወደ ሩቅ አገር የሚጫነውን ጫት እንዳይጠወልግ በእርጥብ ቅጠል ጠቅልሎ ያስራል። መኪኖቹ ጭነው ሲወጡ ሥራው ያልቃል፤ ከቀትር በኋላ በርጫ ነው። በተከራየናት አንድ ክፍል ውስጥ ጓደኞቹ ትራሳቸውን ተደግፈው ይቀመጣሉ፣ ይቅማሉ፣ ያወራሉ። እናቴ ውጭ፣ የግቢው ተከራዮች በጋራ በሚያበስሉበት የቆርቆሮ ጥላ ሥር ትሆናለች፤ ሻይ ልታቀርብ ብቻ ትገባለች።

ምርቃናው ሲደርስ ቤቱ ይሠራል። ወደ ገለምሶ በሚወጣው መንገድ፣ ከተማው ሊያልቅ ሲል፣ ከአያቴ የደረሰው ቁራጭ መሬት ነበረን። አባቴ በየቀኑ ከሰዓት እዚያ መሬት ላይ በወሬ ቤት ያቆም ነበር። ሳሎኑ ሰፊ ነው፣ ሁለት መስኮት አለው። በረንዳው በክብ ዓምዶች ቆሞ ተራራውን ያያል። ለበርጫ የሚሆን የራሱ በር ያለው የእንግዳ ክፍል አለ። ላልገዛነው መኪና ጋራዥ አለ፤ ቁልፉ በየትኛው በኩል እንደሚሆን ሳይቀር ተወስኗል።

«በረንዳው ላይ ለኔም አንድ መደብ አትርሳኝ» ይለዋል ጡረታ የወጣው ሹፌር፣ የአባቴ የቅርብ ወዳጅ።

«አንተማ ጋራዥ ውስጥ ነው የምታድረው። ሽታውን ለምደኸው የለ!»

ሳቁ ሲበርድ በዕድሜ የሚበልጧቸው ሰው ዱዓ ያደርጋሉ፤ አላህ ቤቱን ያቁምልህ፣ ልጆችህን ያስገባልህ። «አሚን!» ይባላል። እናቴ ሻይ ይዛ ገብታ እንደሆነ አባቴ ወደ እሷ ዞሮ፣ «አይደለም እንዴ?» ይላታል። «ኢንሻአላህ» ትላለች፤ ብርጭቆውን አስቀምጣ ትወጣለች።

ፀሐይዋ ስትጠልቅ ቤቱ ከገራባው፣ ከተጣለው የጫት ትራፊ ጋር ተጠርጎ ይወጣል። በማግስቱ ጠዋት ማንም አያነሳውም። የከሰዓት ነገር በጠዋት አይጠየቅም፤ ማንም ያወጣው ደንብ ባይሆንም ሁሉም ያውቀዋል። እኔ ልጅ ሳለሁ ሳላውቅ ጠይቄ ነበር። «አባ፣ ዛሬ መሠረቱን ትቆፍራለህ?» አልኩት። በእንግዳ ፊት ነውር የተናገርኩ ያህል አየኝና ጎንበስ ብሎ ጫማውን አሰረ። ያኔ ገባኝ። ከዚያ ወዲህ የሚለወጠው ቤቱ የሚሠራበት ጊዜ ብቻ እንደነበር ልብ አልኩ። ለመውሊድ፣ ጫት ዋጋ ሲያወጣ፣ ከክረምቱ በኋላ። ሳሎኑ ከነመስኮቱ፣ በረንዳው ከነዓምዱ እንደነበረ ይቆያል።

ካደግኩ በኋላ እኔም የጫት ቅጠል እየያዝኩ ሰሌዳ መጻፍ ጀመርኩ። አንድ ቀን ከሰዓት ብሩሹን እንደያዝኩ የራሴን የሰሌዳ መጻፊያ ቤት በሐሳቤ ስሠራ ራሴን አገኘሁት፤ መስታወት በሩን፣ መብራቱን፣ ተለማማጆቹን ሳይቀር። ቀና ስል የጻፍኩት መስመር ዘቅዝቋል። ከዚያ ቀን ወዲህ ቅጠሉን ተውኩ፤ ለራሴም አንድ ደንብ አወጣሁ። ከሕይወቴ የምፈልገውን በጠዋት፣ አፌን ሳልሽር ልናገረው ካልቻልኩ የኔ አይደለም።

ቀላል መስሎኝ ነበር። ጠዋት ጠዋት ፊቴን እየታጠብኩ፣ «ምንድን ነው የምትፈልገው?» እላለሁ፤ የሚመጣ ነገር የለም። ለመሥሪያ ቤት ሁሉ ራዕይ ስጽፍ ኖሬ ለራሴ አንድ መስመር አጣሁ። ጭሮ በክረምት ጉሙ እስከ በራችን ይወርዳል። በሩ ላይ ቆሜ ጉሙን እያየሁ፣ ጠዋት ላይ ውስጤ ባዶ መሆኑን ሳላውቅ ብኖር ይሻለኝ ነበር እያልኩ የዋልኩበት ጊዜ አለ።

በዚያው ሰሞን የባነር ማተሚያ ወደ ከተማችን ገባ። ራዕዩ በአንድ ሰዓት ታትሞ ይሰቀላል፤ ዓመቱ ሲያልፍ ተቀዶ ይጣላል። የሚጠራኝ አነሰ። ባነሮቹን ቀርቤ ሳያቸው ፊደሎቹ ተጨናንቀው፣ አንዱ ባንዱ ላይ ወጥቶ ነው። ማሽኑ አላጠፋም፤ የሚያዘው ሰው ፊደል አያይም። አንድ ጠዋት ውኃው በእጄ እንዳለ ነገሩ በአፌ መጣ። «ድሬዳዋ ሄጄ የፊደል ሥራን በኮምፒውተር እስከ ጥጉ እማራለሁ።» ሌላ ምንም አልተከተለውም። አጭር ስለነበረ አመንኩት።

ወዲያው አባቴ ታመመ። ሐኪሙ ጫት ከለከለው። ጓደኞቹ መጀመሪያ እየመጡ ጠየቁት፤ በርጫ የሌለበት ከሰዓት ግን ለእነሱም ከበዳቸው፣ ቀስ በቀስ ቀሩ። አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል። ቤቱ አይነሳም። ደስ የሚለኝ መስሎኝ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ያ ክፍል ጸጥ ሲል ግን ጋራዡ እንኳን ናፈቀኝ።

አንድ ጠዋት እናቴ ውኃ ልትቀዳ ወጥታ ሳለ ጠራኝ።

«ልጄ፣ ና እዚህ ቁጭ በል። ስለ ቤቱ ነው።»

በጠዋት ነበር። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ።

«አንድ ክፍል» አለ። «አንድ ብቻ። በሩ ወደ ምሥራቅ።»

«በረንዳውስ?»

«ተወው በረንዳውን። ማን ይቀመጥበታል?» ትንፋሹን ሰበሰበ። «አደራ እሰጥሃለሁ። አንተ ትሠራዋለህ። ቃል ግባልኝ።»

እኛ ዘንድ ለሚሞት አባት የተገባ ቃል እንደ ሌላው ቃል አይደለም። ያልፈጸመው ሰው በየለቅሶው፣ በየሠርጉ ሲነሳበት ይኖራል። ቃል ከገባሁ ዕድሜዬ ያ ቤት ነው፣ ድሬዳዋ ቀረ። እምቢ ካልኩ ደግሞ የሚሞት ሰው አንጀት እቆርጣለሁ።

ፊቴን አይቶ አቀለለልኝ። «ኢንሻአላህ በል በቃ።»

ይህን ማለት ይበቃው ነበር። ነገር ግን ቃሉን በየከሰዓቱ ስሰማው ነው ያደግኩት፤ ካፌ ሊወጣ አልቻለም።

«አባ፣ ድሬዳዋ ልሄድ ነው። ቤቱን እሠራለሁ ብዬ ቃል አልገባልህም።»

«ድሬዳዋ ምን ልትሠራ?»

«ፊደል ልማር።»

«ፊደል? ፊደል ታውቅ የለም እንዴ!»

«በደንብ አላውቅም።»

ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ። «እኔ ቤት ሙሉ ስመኝ ኖሬ፣ ልጄ ፊደል!» አለ። ከዚያ፣ «ይሁን። አንተስ በጠዋት ነው ያልከው» አለኝ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ስለ ቤቱ ሁለተኛ አላነሳም። ጉሙ ሳይገለጥ፣ ክረምቱ ሳይወጣ ሞተ።

ለቅሶው ላይ ጓደኞቹ ሁሉ መጡ። ከሰዓት በኋላ ድንኳኑ ውስጥ ቅጠል ተያዘ፤ ምርቃናው ሲደርስ የአባቴ ቤት ያለ አባቴ ተነሳ። ሳሎኑ፣ በረንዳው፣ የእንግዳ ክፍሉ፤ አንዱ የረሳውን ሌላው ያሟላል። አንዱ አሸዋ በኔ አለ፤ ሌላው አናጺ የሆነ የእህት ልጅ እንዳለው ነገረን። ሹፌሩ ዓይኑ እንባ አቅርሮ፣ «ድንጋዩን እኔ በመኪና አመጣለሁ፣ ነገ ጠዋት! ልጁ አለ፣ ቤቱ ይቆማል!» አለ። ዱዓ ተደረገ።

«አንተ ዝምተኛው» አለኝ ሹፌሩ፣ «አሚን በል እንጂ! ለአባትህ እኮ ነው።»

ለአባቴ ነበርና አሚን አልኩ።

በማግስቱ ማንም አልመጣም። የከሰዓትን ነገር ከማንም በላይ የማውቅ ነኝ፤ ቢሆንም ጎሕ ሳይቀድ ተነስቼ መንገዱ ዳር ቆሜያለሁ። ከዳገቱ በታች የመኪና ድምፅ በተሰማ ቁጥር ድንጋይ የጫነ ነው ወይ እያልኩ አዳምጥ ነበር። የሚያልፉት ጫት የጫኑ ናቸው።

ለቅሶው ካበቃ በኋላ እናቴ አንድ ጠዋት ነጠላዋን ደርባ፣ «ያን መሬት አሳየኝ» አለችኝ። «ከተጋባን ጀምሮ እሰማዋለሁ፣ በቅጡ አይቼው አላውቅም።»

ሄድን። ሣር የዋጠው ቁራጭ መሬት ነው፤ በየማዕዘኑ የወሰን ድንጋይ አለ። እየተራመድኩ አሳየኋት። «እዚህ ሳሎኑ ነው። መስኮቶቹ በዚህና በዚያ። ይህ በረንዳው፣ ዓምዶቹ እዚህ እዚህ ይቆማሉ። የእንግዶቹ በር በዚህ በኩል ነው፣ በኛ አይገቡም። ጋራዡ እዚያ፣ ቁልፉ በግራ።» እናቴ የማታውቀውን አገር ወሬ እንደሚሰማ ሰው ራሷን እየነቀነቀች ሰማችኝ።

«ወጥ ቤቱስ?» አለች።

ቆምኩ። ከሰዓቶቹን ሁሉ በልቤ ዞርኩባቸው።

«አላስታውስም።»

«አታስታውስም ወይስ አልነበረም?»

«አልነበረም፣ እማ።»

አባቴ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። «ያ ሁሉ እንግዳ ታዲያ ምን ሊበላ ነበር?» አለች። ከዚያ ሳቁ ፊቷ ላይ እንዳለ ዓይኗ ሌላ ሆነ። ጎንበስ ብላ ድንጋይ አነሳች፣ ነፋስ በማይመታው ጥግ አስቀመጠችው። «እዚህ ነው። ጭሱም ጎረቤት አይሄድም።»

ስንመለስ ከፊቴ ትሄድ ነበር። ዳገቱን ስትወጣ ጉልበቷን በእጇ እየደገፈች ነው። ያን በጠዋት ያገኘሁትን፣ የኮራሁበትን ዓረፍተ ነገሬን በልቤ ደጋገምኩት። ድሬዳዋ አለበት፣ ፊደል አለበት፣ ኮምፒውተር አለበት። እሷ የለችበትም። ንጹሕ፣ አጭር፣ በጠዋት የተባለ ነው፤ እሱም ወጥ ቤት የለውም።

«እማ» አልኳት።

ዞረች።

«ድሬዳዋ ሠርቼ፣ መጀመሪያ ወጥ ቤቱን አቆማለሁ። አንድ ክፍል ከጎኑ። በሩ ወደ ምሥራቅ።»

«መቼ?»

ዓመት ልጠራላት አፌን ከፈትኩ። የበደሳው ሰሌዳ፣ ያ የሚያበራው ነጭ ታየኝ። ዓመቱን ሳልጠራ ተውኩት።

እናቴ፣ «ኢንሻአላህ» አለች። ለአባቴ ሻይ ስታቀርብ በምትለው በዚያው ድምፅ ነበር። ከዚያ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ መልሳ ዳገቱን ቀጠለች።